ማዘጋጃ ቤቱ «ፕላኑ እየተከለሰ ነው» ካለን ዓመት ከስድስት ወር ሆነው፤ ምን እናድርግ?

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ትኖራለች። የከተማዋን ስም ልተወው። 200 ካሬ ቦታ አላት፤ የይዞታ ማረጋገጫው በስሟ ነው፣ ግብርም በየዓመቱ ትከፍላለች። የጭቃ ቤቱ አንድ ጎኑ ወደ ውጭ ስላበጠ አፍርሰን በብሎኬት ልንሠራላት ወንድምና እህቶች ገንዘብ አዋጣን። ታናሽ ወንድሜ ለግንባታ ፈቃድ ሲሄድ «መዋቅራዊ ፕላኑ እየተከለሰ ነው፣ እስኪያልቅ ጠብቁ» አሉት። ይኸው እየጠበቅን ነው። በሄደ ቁጥር ወይ ባለሙያው መስክ ወጥቷል፣ ወይ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። የብሎኬት ዋጋ ደግሞ እኛን አይጠብቅም።

ባለፈው ጥቅምት ቀያሾች መጥተው ጓሮዋ ውስጥ ችካል ተክለው ሄዱ። ከማድ ቤቱ በር ሦስት እርምጃ ላይ። ምን እንደሆነ የነገራት የለም። ሠፈሩ ግን «20 ሜትር መንገድ ሊያልፍ ነው» እያለ ያወራል። እማዬ በጓን አስራበታለች፣ ሌሊት ግን እንቅልፍ አጥታለች።

በድሮው ፕላን መሥራት እንችላለን? ፕላኑ የት እንደደረሰስ ማን ይነግረናል? መንገዱ እውነት ከሆነ ምን መብት አላት?

ሻይ በሎሚ

ወንድሜ፣ እኛ ሠፈር ሁሉም ቅዳሜና እሑድ ነው የሚሠራው። ቆርቆሮ አጥራችሁ ውስጥ ውስጡን ጨርሱት። ፕላኑ እስኪያልቅ የፕላኑ ዘመን ራሱ ያልቃል።

ቀያሽ ነኝ

ሻይ በሎሚ፣ እባክህ ሰው አታስፈርስ።

ጠያቂው፣ እኔ ሌላ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ቀያሽ ሆኜ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ስለ ችካሉ ልጠይቅህ። በሲሚንቶ የተተከለ ብረት ነው? ላዩ ላይ ቁጥር አለው? አጠገቡስ ሌላ ችካል አለ? የመንገድ ችካል ብቻውን አይተከልም፤ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ነው የሚሄድ። ደግሞም መንገድ መሬት ላይ የሚወርደው ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ ነው። ገና እየተከለሰ ሳለ የሚተከል ነጠላ ችካል ብዙ ጊዜ የቅየሳ መነሻ ነጥብ ነው። እኛ ኮንትሮል ፖይንት እንለዋለን። የመለኪያ መሣሪያውን፣ ቶታል ስቴሽኑን፣ እዚያ ላይ አቁመን ነው ሠፈሩን የምንለካው። ሜዳ ካልተገኘ የሰው ጓሮም ቢሆን ይተከላል፤ ለባለቤቱ አለመንገር ግን ነውር ነው።

ሁለተኛ፣ «እየተከለሰ ነው» መልስ አይደለም። የትኛው ደረጃ ላይ? ሥራው ተራ አለው። መጀመሪያ ቤዝ ማፕ ይዘጋጃል፤ እያንዳንዱ ቤት፣ አጥር፣ ወንዝ፣ የመብራት ምሰሶ ካርታ ላይ ይገባል። ቀጥሎ የነባራዊ ሁኔታ ጥናት ነው፤ ስንት ሰው አለ፣ ውኃው የት ይደርሳል፣ ገበያው የት ነው። ከዚያ ረቂቁ ይሣላል፣ ሕዝብ ይወያይበታል፣ ተስተካክሎ ወደሚያጸድቀው አካል ይሄዳል። መዋቅራዊ ፕላን ሲጸድቅ ለ10 ዓመት የከተማዋን መስፋፊያ፣ ዋና ዋና መንገዶችንና የመሬት አጠቃቀሙን ይወስናል። የሕንፃ ከፍታ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ የመሳሰለው ዝርዝር ደግሞ ከሥሩ በሚሠራው የአካባቢ ልማት ፕላን፣ እኛ ኤልዲፒ በምንለው ነው የሚታየው።

ትንንሽ ከተሞች የሚቆሙት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያው ላይ ነው። ለራሳቸው ፕላነር የላቸውም፤ የክልሉን ተቋም ወረፋ ይጠብቃሉ ወይም አማካሪ ይቀጥራሉ። አማካሪው ቤዝ ማፑን አስረክቦ ክፍያ ሲዘገይበት እጁን ያጣጥፋል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቡድኑ መስክ አይወጣም። እኛ ዘንድ አንድ ክለሳ እንዲሁ ሲንከባለል፣ ስንሠራበት የነበረው በድሮው ብሔራዊ የከተማ ፕላን ኢንስቲትዩት ዘመን የተሣለው ወረቀት ነበር። ሰማያዊ ኮፒ፣ እጥፋቱ ላይ ተበጣጥሶ በፕላስተር የተለጠፈ። አንድ የመንገድ መጋጠሚያ ፕላስተሩ ሥር ስለገባ ስፋቱን በግምት ነበር የምናነበው።

ስለዚህ ወንድምህ «መቼ ያልቃል?» አይበል። «ቤዝ ማፑ ተረክባችኋል ወይ? ረቂቁ ወጥቷል ወይ? የሕዝብ ውይይቱ ተደርጓል ወይ?» ይበል። እንዲህ ለሚጠይቅ ሰው «መስክ ነው» ማለት ይከብዳል።

የጠዋት ጀንበር

የውይይቱን ነገር እኔ ላጠናክረው። እኛ ከተማ ረቂቁ ወጥቶ አዳራሽ ሲጠሩን እናቴ «የስብሰባ ነገር» ብላ ቀረች፤ እኔ ሄድኩ። ካርታው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ የሰው ጀርባ ይጋርደዋል። ቤታችንን ማግኘት አቃተኝ። በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ አገኘሁና ከዚያ በጣቴ አጥር እየቆጠርኩ ወረድኩ። ቢጫው መኖሪያ ነው፣ ቀዩ ንግድ። እኛ ቤት ላይ ስደርስ አረንጓዴ! ፓርክ አድርገውናል።

እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከሳተላይት ምስል ሲሣል የጓሯችን ባሕር ዛፍ ጣሪያውን ሸፍኖት ባዶ ቦታ መስሎት ነው። የይዞታ ካርታችንንና የግብር ደረሰኞቹን ፎቶ አንሥቶ ሄደ፣ በሳምንቱ መጥቶ አየ። አረንጓዴው ወደ ሸለቆው ጠርዝ ዞረ። የቀሩት ጎረቤቶቻችን ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ ነው ጩኸት የጀመሩት። እስካሁን ይመላለሳሉ።

ጉዳይ አስፈጻሚ አይደለሁም ጠበቃ ነኝ

በሕጉ በኩል ልጨምር። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። ስለዚህ የጠዋት ጀንበር ያደረገችው ልመና አይደለም፣ መብቷ ነው።

ረቂቅ ረቂቅ ነው፤ እስኪጸድቅ የማንንም ቤት አያፈርስም። ስለዚህ በሥራ ላይ ባለው ፕላን መሠረት የፕላን ስምምነት (ግንባታው ከፕላኑ ጋር እንደሚስማማ የሚገልጽ ወረቀት) እና የግንባታ ፈቃድ እንዲሰጣችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። በቃል አይደለም። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገቡና ቅጂው ላይ ቁጥርና ማኅተም አስመቱ። ካልተፈቀደም ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ለቅሬታ የምትይዙት ያንን ነው። ግድግዳው አደጋ ላይ ከሆነ እስከዚያው የጥገና ፈቃድ ለብቻው ጠይቁ፣ እሱ ቶሎ የሚሰጥበት ከተማ አለ።

መንገዱ እውነት ሆኖ ቢመጣ፣ የካሣ አዋጁ 1161/2011 ነው። ባለይዞታ ቦታውን ከመልቀቁ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲወያይ፣ ቅሬታ ካለውም በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው እንዲያቀርብ ይላል። በ2016 ማሻሻያ ስለወጣለት የክልሉን ደንብና መመሪያ አብራችሁ እዩ። ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ግን ካሣው ላይ ጣጣ ያመጣል። የሻይ በሎሚ ምክር የሚያስከፍለው እዚያ ጋ ነው።

ሻይ በሎሚ

እሺ፣ ምክሬን አንሥቻለሁ። ግን አንድ ነገር ንገሩኝ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ለምን አይቸኩልም?

ቀያሽ ነኝ

መቸኮልስ ነበረበት። በሊዝ አዋጁ 721/2004 ለጨረታ የሚወጣ መሬት ፕላኑን የተከተለ መሆን አለበት። ፕላን ሲጓተት ጨረታውም ይጓተታል፣ ገቢውም እንዲሁ። ግን የፕላን በጀት ዛሬ ይወጣል፣ ጥቅሙ የሚታየው ሹሙ ከተነሣ በኋላ ነው። ባሕር ዳር በሰፊ ጎዳናዎቿ የምትመሰገነው በ1950ዎቹ ጀርመናዊው ማክስ ጉተር በሠራው ፕላን ነው። ያኔ በጀቱን የፈቀደውን ሰው ዛሬ ማን ያስታውሰዋል?

የአሜሪካ ግቢ

ከቨርጂኒያ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ፤ ይዞታው በእናትየዋ ስም ስለሆነ ወንድምህ ውክልና ይያዝ። እኔ ያለ ውክልና አጎቴን ልኬ ሁለት ወር በከንቱ ተመላልሷል።

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ ውክልናውን ይዞ ሰኞ ሄደ። እንደተባለው ደረጃውን ቆጥሮ ሲጠይቅ የማዘጋጃ ቤቱ ልጅ ሣቀና «አንተ ፕላነር ነህ እንዴ?» አለው። ቤዝ ማፑ ተረክበዋል፤ ረቂቁ ገና አልተሣለም። ስለዚህ የ20 ሜትሩ መንገድ እስካሁን ያለው በሠፈሩ ወሬ ውስጥ ብቻ ነው። ማመልከቻውን አስገብቶ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመትቷል። ለጥገናው ሐሙስ መጥተው ግድግዳውን እናያለን ብለዋል።

ቀያሽ ወንድሜ፣ ችካሉን ፎቶ ልኮልኛል። ሲሚንቶ ነው፣ መሐሉ ላይ ብረት አለ፣ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። ብቻውን ነው።

ቀያሽ ነኝ

ኮንትሮል ፖይንት ነው በለኝ! እማዬ ይተኙ። በጓን ግን ዛሬውኑ ፍቱልኝ፤ ያ ብረት ትንሽ ከተነቃነቀ ሠፈሩን በሙሉ እንደገና መለካት ነው።