ክርክር፦ ከድንጋይ ከሰል ለመውጣት ፀሐይና ንፋስ ይበቃሉ ወይስ ኒውክሌር የግድ ነው?

አቶሙ፦ በብክለቱ አንከራከር። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የመንግሥታቱ ፓናል በ2014 (ዓመቶቼ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጣው ስሌት፣ ግንባታው ጭምር ተደምሮ፣ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከድንጋይ ከሰል 820 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከጋዝ 490፣ ከኒውክሌር 12፣ ከየብስ ንፋስ 11። ጥያቄው ፀሐይ ገብታ ሰው ሁሉ መብራትና ምድጃ ሲያበራ ጭነቱን ማን ይሸከማል የሚለው ነው።

ፀሐይዬ፦ ባትሪ ነዋ! 100 ሜጋ ዋት የፀሐይ ጣቢያ በአማካይ የአቅሙን 20 በመቶ ቢያመነጭ በቀን 480 ሜጋ ዋት ሰዓት ይሰጣል። ግማሹን ባትሪ ውስጥ አስገባው። በመሙላትና በማውጣት 15 በመቶው ቢባክን እንኳ 204 ይቀራል፤ 50 ሜጋ ዋት ለአራት ሰዓት ማለት ነው። ፈረንሳይ ፍላማንቪል ላይ በ2007 መገንባት የጀመረችው የኒውክሌር ሪአክተር ግን ከኤሌክትሪክ መረቡ ጋር የተገናኘው በ2024 መጨረሻ ነው።

አቶሙ፦ ፍላማንቪልን ያነሳ ባራካህንም ያንሳ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ግንባታውን በ2012 ጀምራ ከ2020 እስከ 2024 አራት ሪአክተሮች፣ በድምሩ 5,600 ሜጋ ዋት ያህል፣ ሥራ አስገብታለች። አንዱን ንድፍ ሳይለውጡ መደጋገም ይረዳል። ባትሪሽ ደግሞ ለአንድ ምሽት ነው። የንፋስ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገኘው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ደመናና የንፋስ እጦት ለአምስት ቀን ቢገጣጠሙ 1,000 ሜጋ ዋት ጭነት 120,000 ሜጋ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። በ2017 አውስትራሊያ ሆርንስዴል ላይ የተተከለው ዝነኛው ባትሪ ሲጀመር የሚይዘው 129 ሜጋ ዋት ሰዓት ነበር። እንደዚያ ያለ 930 ልትተክዪ ነው?

ጠያቂ፦ ግድብስ?

ሽቦ ዘርጊ፦ ካለ ምን ይወጣለታል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል። ግን ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2024 ካሪባ ሐይቅ ሲጎድል የዛምቢያ መብራት በፈረቃ ሆነ።

ይልቅ ሁለታችሁም ሜጋ ዋት ሰዓት ስትቆጥሩ መረቡን ረሳችሁት። ሚያዝያ መጨረሻ 2025 ስፔንና ፖርቱጋል የጨለሙት ኃይል አንሷቸው አልነበረም። ቮልቴጅ ከልክ በላይ ወጣ፤ ጣቢያዎች ራሳቸውን ለመጠበቅ ተራ በተራ ከመረቡ ተለዩ፤ አንዱ በተለየ ቁጥር ቮልቴጁ ይብስ ከፍ አለ። ሁሉም ያለቀው በሰከንዶች ውስጥ ነው። ኢንቨርተሩ (የፀሐይ ጣቢያን ቀጥተኛ ጅረት ለመረቡ ወደ ተለዋዋጭ ጅረት የሚቀይረው መሣሪያ) ቮልቴጅን እየተከተለ ሪአክቲቭ ፓወር (ሥራ ሳይሠራ ቮልቴጅን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የኃይል ክፍል) እንዲስብና እንዲሰጥ ካልተደረገ፣ ፀሐይ ብታበዙ ይህ ችግር አይቀርም።

አንዱ መላ የተዘጋ የከሰል ጣቢያን ጄኔሬተር ሲንክሮነስ ኮንደንሰር፣ ማለትም ኃይል ሳያመነጭ እየተሽከረከረ መረቡን የሚያረጋጋ ማሽን፣ ማድረግ ነው። ከተርባይኑ ታላቅቁታላችሁ፣ ማስነሻ ሞተር ትገጥሙለታላችሁ፣ ባለ ሁለት ፖል (መግነጢሳዊ ዋልታ) ከሆነና መረቡ 50 ኸርትዝ ከሆነ ወደ 3,000 ዙር በደቂቃ አድርሳችሁ ከመረቡ ጋር ታገናኙታላችሁ። ከዚያ ነዳጅ አይበላም፤ ብክነቱን የሚሸፍን ጥቂት ኃይል ብቻ ከመረቡ ይወስዳል። ኤክሳይቴሽኑን (የሚሽከረከረውን ማግኔት የሚፈጥረውን ጅረት) ስትጨምሩ ቮልቴጅ ይደግፋል፣ ስትቀንሱ ያወርዳል። የሚሽከረከረው ብረት ክብደትም ድንገት ጣቢያ ሲወድቅ ፍሪኩዌንሲውን (ያንን 50 ኸርትዝ) ለጥቂት ሰከንድ ይይዛል።

ፀሐይዬ፦ ተስማምቻለሁ፣ ግን ይህ ለኒውክሌር ክርክር አይደለም። ለአምስቱ ቀን ያሉትን የጋዝ ተርባይኖች አቆያቸው። ከዓመቱ ምርት 5 በመቶ ብቻ ከጋዝ ቢመጣ በአማካዩ ላይ የሚጨምረው 25 ግራም ያህል ነው።

አቶሙ፦ ቧንቧው ካላፈሰሰ! ሚቴን በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ከሚወጣው ጋዝ 3 በመቶው አካባቢ ካመለጠ በከሰል ላይ ያለው ብልጫ በዚያ ስሌት ይጠፋል። ደግሞስ ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ የሚቆም ጣቢያ ማን ይከፍልለታል?

ሽቦ ዘርጊ፦ ለዝግጁነቱ ይከፈለዋል፣ ለሸጠው ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ አይደለም። በተጠራበት ሰዓት ካልተነሳ ይቀጣል። ብዙ ገበያዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ሒሳቡን ከአዲስ ሪአክተር ጋር አወዳድረው፤ ያለህ የወንዝ መጠንና የነፋስ ወቅት ካልታወቀ ግን የሁለታችሁም ቁጥር አያስኬድም።