ምላጩ የሚቀየር መላጫ አመራረጥና አያያዝ ላይ ምክራችሁን እሻለሁ

ፀጉር አስተካካዮች የሚጠቀሙበትን፣ እንደ ሰንጢ የሚታጠፍና ምላጩ ብቻ የሚቀየር መላጫ በቤቴ መልመድ ከጀመርሁ አንድ ወር ሆኖኛል። ለዚህ ያበቃኝ ፂሜ ጥቅልል መሆኑ ነው፤ ምላጮች የተደራረቡበት የፕላስቲክ መላጫ ፀጉሩን ከቆዳ በታች ስለሚቆርጠው፣ ሲያድግ ወደ ውስጥ እየገባ አንገቴን በእብጠት ይሞላው ነበር። አሁን እብጠቱ በጣም ቀንሷል፤ ጉንጬንም ያለ ችግር እላጫለሁ። አገጬና ከመንጋጋዬ ሥር ያለው ቦታ ግን በየጊዜው ይቆረጣል።

ፂሜን በሙቅ ውሃ አለሰልሳለሁ፣ ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ አደርጋለሁ፣ ቆዳዬን በግራ እጄ ወጥሬ ምላጩን ወደ 30 ዲግሪ ገደማ አጋድሜ በፂሙ አበቃቀል አቅጣጫ እወስዳለሁ።

የእኔው መላጫ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ ለሁለት ተሰብሮ የሚገባበት ርካሽ ዓይነት ሲሆን፣ ምላጩ ስስ፣ ጫፉም ሹል ከመሆኑ በላይ ከተቆለፈ በኋላ እንኳ በመጠኑ ይነቃነቃል። ረዘምና ወፈር ያለ ባለ አንድ አፍ ምላጭ የሚቀበለው ዓይነት ለጀማሪ እጅ ይሻላል ወይስ ጉድለቱ የአያያዜ ነው? በተለይ አገጭ ላይ ቆዳውን እንዴት እንደምትወጥሩና ለግራው ጉንጭ እጅ ትቀይሩ እንደሆነ፣ የለመዳችሁት ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።