ኤምአር ቱዬ ዝናብ ላይ ዞረችብኝ፤ ዛሬ ማታ የሞተር ቀብድ ልክፈል?

ባለቀይዋ፦ ወገኖች ድረሱልኝ! ዛሬ ጠዋት ቨርጂኒያ ውስጥ በዝናብ ከሀይዌይ ስወጣ ኤምአር ቱ የምትባለው ትንሿ ስፖርት ቶዮታዬ ዞረችብኝ። ኩርባው ላይ የፈጠንኩ መሰለኝና እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ። ወዲያው ጅራቷ ቀደመኝ። ፊቴ ወደመጣሁበት ዞሮ ሣር ላይ ቆምኩ። አልተጫረችም፤ እጄ ግን እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ሞተሯ ደካማ ነው፣ ጉልበት ቢኖራት ጎትታ ታወጣኝ ነበር። ጋራዡ የቱርቦ ሞተር (አየር በግፊት እያስገባ ጉልበት የሚጨምር) አግኝቶልኛል። ልክፈል?

የጋራዥ ልጅ፦ እንኳን አተረፈህ። ጎማውን እይ።

ጋሽ ቶዮታ፦ ልጄ፣ የዚህች መኪና ሞተር የተቀመጠው ከወንበርህ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ነው። ክብደቱ መሀል ስለተሰበሰበ መሪውን ገና ስትነካው ትታዘዛለች። መዞር ከጀመረች ግን ያው በዚያው ፍጥነት ነው። ኩርባ ላይ ነዳጅ በድንገት ስትለቅ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማ ይቀልና መሬቱን ይለቃል። የኔዋ የመጀመሪያዋ ሞዴል ናት፣ 1.6 ሊትር ብቻ። ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው የቨርጂኒያ ተራራ መንገድ ላይ ፍጥነቱ በ35 ማይል የተገደበ ነው፤ እዚያም ከመሪዋ ጋር ሳወራ እውላለሁ። ጉልበት አምሮኝ አያውቅም።

ባለመፍቻው፦ «ጎትታ ታወጣኝ ነበር» ያልከው አልገባኝም። የአንተዋ ከኋላ ነው የምትገፋው! 2.2 ሊትሩ 130 የፈረስ ጉልበት ነው፣ አሜሪካ የተሸጠው ቱርቦ 200። እርጥብ ኩርባ ላይ ቱርቦው ሲነሳ የሚጨነቀው ያው የኋላ ጎማ ነው። ያልተገራ በቅሎ ላይ ጅራፍ አትጨምር።

የጋራዥ ልጅ፦ ጎማውን እይ ብያለሁ።

ባለቀይዋ፦ ጎማው ጥርሱ ሙሉ ነው እኮ!

እማማ ቮልስ፦ የአያቴም ጥርስ ሙሉ ነበር፣ ቆሎ ግን አልቆረጠሙበትም 😄 ጎማ ቆሞም ያረጃል፣ ላስቲኩ ይደርቃል። ጎኑ ላይ 4 ቁጥሮች አሉ። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግሩሃል።

ባለቀይዋ፦ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የፊቶቹ 1422። የኋላዎቹ 3111።

ባለመፍቻው፦ የ2011 ጎማ! አዲሱን ፊት፣ አሮጌውን ኋላ አድርገህ በዝናብ? መኪናዋ የስንት ሞዴል ናት? ይህንን መጀመሪያ ነበር መንገር።

ባለቀይዋ፦ የ1991።

እማማ ቮልስ፦ እንግዲያው ፋብሪካው የሰጣት የጎማ ስፋት ፊት 195፣ ኋላ 205 ሚሊሜትር ነው፣ ባለ 14 ኢንች ቸርኬ። ቶዮታ ለ1993 ሞዴል የኋላ እግሯን (ጎማውን የሚይዘውን ሰስፔንሽን) አሻሻለ፣ ቸርኬውን 15፣ የኋላ ጎማውን 225 አደረገ። ወንድሜ፣ አራቱንም በየልካቸው አንድ ዓይነት አዲስ ጎማ ግዛ። ንፋሱን መኪናዋ ሳትሞቅ ለካ። ከዚያ የኋላውን አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ) አሳይ፤ የጎማዎቹ አፍንጫ ትንሽ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፣ ወደ ውጭ ከከፈተ ትቅበዘበዛለች።

ሹፌር ነኝ፦ እኔ ግን ካምሪ ግዛ እላለሁ።

ጋሽ ቶዮታ፦ ካምሪ ጥሩ ናት፣ ልጁ የጠየቀው ግን ስለዚህችኛዋ ነው። ልጄ፣ ጎማው ከተቀየረ በኋላ ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመዳት። ፍጥነት ቀንሰህ ወደ ኩርባው ግባ፣ ውስጥ ነዳጁን አትልቀቅ፣ በትንሹ ይዘህ ውጣ።

የጋራዥ ልጅ፦ ቀብዱን ለጎማ አድርገው። ጋራዡን ምን አልካቸው?

የጋራዥ ልጅ፦ ባለቀይዋ? አለህ?