«ታሪክ ያለበት ጦር ሰላም አያስከብርም»

ዶሎ አዶ፦ ትናንት ማታ አንዱ የሬዲዮ ተንታኝ «ታሪክ ያለበት ጦር ሰላም አያስከብርም፤ ኢትዮጵያ ከሶማሊያ ትውጣ» ብሎ አረፈው። ታሪክ የሌለበት ጦር ከየት ይምጣ? ከጨረቃ? ኮንጎ፣ ሩዋንዳ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር ስንዘምት ይህ ፍልስፍና የት ነበር?

ወርቄ፦ ላይቤሪያ ጎረቤትህ አይደለችማ! ሰውየው የተናገረው ስለ ሶማሊያ ነው። (ዓመቱን በፈረንጅ ልጻፈው።) በ1977 ኦጋዴን ላይ የተዋጋ፣ በ2006 መጨረሻ ሞቃዲሾ ገብቶ እስከ 2009 የቆየ ጦር ነው። በዚያ የመድፍና የሞርታር ልውውጥ ከከተማዋ የተፈናቀለው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። በ2014 የአፍሪካ ኅብረት ሰላም አስከባሪ ሆኖ አረንጓዴ ቆብ ስላደረገ ፊቱ ይረሳል?

ዶሎ አዶ፦ በ1977 ድንበር የተሻገረው ማን ነበር? የዚያድ ባሬ ጦር! እንግዲህ «ታሪክ ያለበት» ማን ሊሆን ነው?

ወርቄ፦ «ያለበት» አለ እንጂ «ጥፋተኛ» አላለም። ዕዳ ያለበት ሁሉ ሌባ ነው?

ዶሎ አዶ፦ «ያለው» ማለት አቅቶት ነው «ያለበት» ያለው? ቃሉን መርጦ ነው የወረወረው።

ሻለቃ ጡረተኛ፦ ልጆች፣ ቃል ስትሰነጥቁ ወረቀቱን ረሳችሁት። የጸጥታው ምክር ቤት በዲሴምበር 2006 ባወጣው ውሳኔ 1725፣ ሶማሊያን የሚያዋስኑ አገሮች ለሰላም አስከባሪ ተልእኮው ወታደር እንዳይልኩ የሚለውን የኢጋድ (የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ማኅበር) ዕቅድ ደግፎ ነበር። ወር ሳይሞላ የኛ ጦር ሞቃዲሾ ገባ፤ በተልእኮው ስም ሳይሆን በሽግግር መንግሥቱ ጥሪ። ኋላ ጅቡቲ በ2011፣ ኬንያ በ2012፣ እኛ በ2014 አሚሶምን (የአፍሪካ ኅብረትን የሶማሊያ ተልእኮ) ተቀላቀልን። ሦስቱም ጎረቤት! ደንቡ የተጣለው ታሪክ ተረስቶ አይደለም። ኡጋንዳና ቡሩንዲ ብቻቸውን ከሞቃዲሾ ወጥተው አገሩን መሸፈን አልቻሉም፤ ሌላ ወታደር የሚሰጥ ደግሞ ጠፋ።

ፍራንክፈርት፦ ጀርመን በ2006 ለሊባኖስ ተልእኮ እስከ 2,400 ሰው ስትፈቅድ የላከችው መርከበኛ ነው። የእስራኤል ድንበር ላይ እግረኛ አላቆመችም፤ የጀርመን ወታደር ከእስራኤል ወታደር ጋር አፈሙዝ ለአፈሙዝ እንዳይገጥም። ታሪኳ «አትሂጂ» ሳይሆን «እዚያ ጋ አትቁሚ» ነው ያላት።

ዶሎ አዶ፦ እኛስ? በአሚሶም የቀጠና ክፍፍል ሞቃዲሾ ለኡጋንዳ ነበር፣ እኛ ሴክተር 3፣ ባይደዋ። ይኸው አልቆምንም!

ወርቄ፦ ወረቀት ላይ ልክ ነህ። በአሚሶም ስም 4,395 ሰው ነበር፤ ከዚያ ውጪ በሁለትዮሽ ስምምነት የገባው ግን ስንት እንደሆነ በይፋ አይነገርም። የደንብ ልብሱ አንድ፣ መኪናው አንድ፣ የሚሄድበት መንገድ አንድ። የባይደዋ ሰው ከብቱ በጥይት ቢሞትበት ካሳ የሚጠይቀው ኅብረቱን ነው አዲስ አበባን? የጀርመን መርከብ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም።

ሻለቃ ጡረተኛ፦ እዚህ ላይ ወርቄ ልክ ናት። በማርች 2013 የሶማሊያን ከተማ ሁዱርን የለቀቀው ከተልእኮው ውጪ የነበረው የኛ ጦር ነው፤ አልሸባብ በዚያኑ ቀን ገባ። በኦክቶበር 2016 ሃልጋንና ቲየግሎው ሲለቀቁም እንደዚያው። ደግሞ የተልእኮው ውስጥ ያለውም ቢሆን መጀመሪያ የሚሰማው የአገሩን ዋና ከተማ ነው። ሞቃዲሾ ያለው የኃይል አዛዥ ለዓመታት ሄሊኮፕተር እንኳ አልነበረውም፤ ሻለቃ ጦር በምን ያንቀሳቅስ?

ዶሎ አዶ፦ ሻለቃ፣ እርስዎም? እሱ የዕዝ ችግር ነው እንጂ የታሪክ አይደለም!

ሻለቃ ጡረተኛ፦ እኔም እሱን ነው ያልኩት። አንብበው።

አልፋሽቃ፦ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡባትን አቢዬን ማንም አላነሳም። ውሳኔ 1990፣ ጁን 2011፣ እስከ 4,200 ወታደር፤ ማለት ይቻላል ሁሉም ኢትዮጵያውያን። ሱዳንም ጎረቤት ናት፣ የድንበር ጣጣው ያኔም ነበር፤ ግን ካርቱምም የደቡብ ሱዳን ወገንም እሺ ስላሉ ዘጠኝ ዓመት ሠራ። በ2020 መጨረሻ እኛና ሱዳን በምንወዛገብበት የድንበር መሬት፣ አልፋሽቃ ላይ ተኩስ ሲጀመር ካርቱም «ይቀየሩልኝ» አለች፣ በ2022 ሌላ ቅይጥ ጦር ተተካ። የገፋን የዚያ ወር ጠብ ነው እንጂ የቆየው ታሪክ አይደለም።

ፍራንክፈርት፦ ሶማሊያም እንደዚያው ናት። በጃንዋሪ 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ሞቃዲሾ «በአዲሱ ተልእኮ ኢትዮጵያ አትኖርም» አለች። ዲሴምበር ላይ አንካራ ታረቁ፣ በፌብሩዋሪ 2025 በአዲሱ የኅብረቱ ተልእኮ፣ በአውሶም ድልድል 2,500 ሰው ደረሰን። 1977 በዚያ ዓመት ውስጥ አልተቀየረም።

ዶሎ አዶ፦ ለግብፅም 1,091 ተመድቧል! እሷ ታሪክ የለባትም?

ወርቄ፦ ሲጠበው ዓባይ ውስጥ ይገባል።

ዶሎ አዶ፦ ማን ጠበበው? «ያለበት» የሚለውን እስካሁን አልፈታሽልኝም።

ወርቄ፦ አንተ ደግሞ ከ2,500ው ውጪ ያለው ወታደር በምን እንደሚለይ አልነገርከኝም። ቆቡ ነው? ታርጋው ነው? እሱን መልስና «ያለበት»ን እፈታልሃለሁ።

ዶሎ አዶ፦ ሬዲዮው ላይ ደውለሽ ጠይቂው።