ጥቆማ፦ ዊንዶውስ 11 የማይቀበል ላፕቶፕ ላላችሁ የድሬና የሐረር ልጆች

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ ላፕቶፕ ያለው ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ዊንዶውስ 10 አበቃ ይላሉ፣ 11 ደግሞ ማሽኔ ላይ አይገባም። ምን ልጫን?» ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተመዝግቦ መቀጠል ለፈለገ ሰው አንድ ዓመት ተጨምሯል፤ እሱም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ያልቃል። ዊንዶውስ 11 በደንቡ እንዲገባ ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ያስፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን አይቀበልም። አሁን እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብታችሁ ያገለገሉ ላፕቶፖችን እዩ። 4ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛ ጀነሬሽን ሞልቷል። ኤሊትቡክ፣ ላቲቲዩድ፣ ቲንክፓድ፤ ሁሉም ጠንካራ ዕቃ ነው። ጤነኛ ማሽን ይዞ «አርጅቷል፣ ሌላ ግዛ» መባል ያናድደኛል።

ጥገና ቤቶች ፍተሻውን ዘልለው 11ን በግድ ይጭኑላችኋል። ይሠራል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ማሽን ማሻሻያ እሰጣለሁ ብሎ ቃል አልገባም። ክራክ የተደረገውማ (ያለ ፈቃድ የተከፈተው) የባሰ ነው። ማግበሪያ ተብሎ የሚጫነው ፕሮግራም ራሱ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ሌላው መንገድ ሊኑክስ ነው፤ በዊንዶውስ ምትክ የሚጫን ነፃ ሲስተም ማለት ነው። ተራ ተጠቃሚን ማሸነፍ ይችላል ወይ ካላችሁኝ፣ ይችላል እላለሁ። ሥራችሁ ብራውዘር፣ ቴሌግራም፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ፊልም ማየትና ዙም ከሆነ ምንም አይጎድልባችሁም። እንጀራችሁ በአንድ የዊንዶውስ ፕሮግራም ላይ የቆመ ከሆነ ግን አትንኩት። ፒችትሪ የምትሠሩ ሒሳብ ሠራተኞች፣ አውቶካድ የምትከፍቱ መሐንዲሶች፣ ፎቶሾፕ ላይ የምትውሉ የባነርና የሰርግ ካርድ ሠሪዎች፣ እናንተን ሊኑክስ ጫኑ ብዬ አልመክርም። ዋይን የሚባል የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ለማስነሳት የሚሞክር ነገር አለ። ለትንንሽ ፕሮግራሞች ይረዳል፤ የደንበኛ ሥራ ግን በሙከራ ላይ አይጣልም።

ስለዚህ «የትኛው ሲስተም ይሻላል?» ከማለታችሁ በፊት፣ በሳምንት ውስጥ የምትከፍቷቸውን ፕሮግራሞች ወረቀት ላይ ጻፉ። ምርጫው ከዚያ ይወጣል።

ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው። ለአብዛኛው ሰው የምጠቁመው ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነው። የመጀመሪያው ምክንያቴ መልኩ ነው። ከታች ባር አለ፣ በግራ በኩል ሜኑ አለ፣ ሰዓቱ በቀኝ ነው። ዊንዶውስ 7 የለመደ ሰው አይደናገርም። የሰፈሬ ጡረተኛ መምህር ላፕቶፕ ላይ ስጭንላቸው «ልጄ፣ ፋይሌ የት ገባ?» ብለው የጠየቁኝ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዜናቸውን ያነባሉ፣ ከልጆቻቸው ጋር በቪዲዮ ያወራሉ፣ አለቀ። ሁለተኛው ምክንያት ቅለቱ ነው። 2 ጊጋ ራም ላይ ይነሳል፣ በ4 ጊጋ ይመቻል። ማሽኑ በጣም ደካማ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላሉን ዓይነት ምረጡ። ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ማሻሻያ ያገኛል።

ሦስተኛው ምክንያት ዳታ ለሚገዛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ማሻሻያ ሲመጣ ያሳውቃችኋል እንጂ እናንተ ሳትፈቅዱ ፓኬጃችሁን አይበላም። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሄዱ ታወርዱታላችሁ። በሥራ መሐል «ልዘጋና ልነሳ ነው» ብሎም አያቋርጣችሁም። ታይምሺፍት የሚባል መሣሪያም አብሮት አለ። ቀድማችሁ ካበራችሁት፣ ሲስተሙ ሲበላሽ ወደ ትናንቱ ይመልሳችኋል። ፋይሎቻችሁን ግን ለብቻ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ እሱ የሚጠብቀው ሲስተሙን ነው።

ዞሪን የሚባለው ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ከሚንት ያምራል። አየርላንድ ውስጥ ያሉ ሁለት ወንድማማቾች የጀመሩት ነው። ዞሪን 18ን ያወጡት ልክ ዊንዶውስ 10 ባበቃበት ዕለት ነው፤ ማንን ለመሳብ እንዳሰቡ ግልጽ ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራም ለመጫን ስትሞክሩ በምትኩ ምን መጫን እንደምትችሉ ይጠቁማችኋል። ለጀማሪ ይህ ደግነት ነው። 8 ጊጋ ራም ካላችሁና መልክ ከወደዳችሁ ውሰዱት። በ4 ጊጋ ግን ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ይቀላል።

ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ለተማሪ ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሐረማያ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ ከሆነ እሱን ያዙ። ስህተት ሲያጋጥማችሁ መልሱ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ለእናታችሁ ግን አትጫኑላት። አቀማመጡ ከለመደችው ይለያል፣ የሚወርደውም ፋይል 6 ጊጋ ይጠጋል። የሚንት ፋይል የዚያ ግማሽ ገደማ ነው።

ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ የሚባለውን የጉግል ሲስተም ብዙ ሰው በዩቲዩብ አይቶ ይጠይቀኛል። ፈጣን ነው፣ ነፃ ነው። ግን የጉግል አካውንትና ኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የአንድሮይድ አፖችንም አይጭንም። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ላፕቶፓችሁ ብዙም አይረዳችሁም። ለድሬም ለሐረርም አልመርጠውም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፣ ወደ አማርኛ ጽሑፍ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ሊኑክስን ሞክሮ የሚተወው። ጣታችን የለመደው ፓወር ግዕዝን ነው፤ እሱ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ሚንት ላይ አይባስና ኤም17ኤን የሚባሉትን የኪቦርድ ፕሮግራሞች አብራችሁ ጭናችሁ «ሴራ» የሚባለውን የአማርኛ አጻጻፍ ትመርጣላችሁ። በላቲን ድምፁን ስትመቱ ፊደሉ ይወጣል። ኪማን የሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራምም ለሊኑክስ አለ፤ ስልካችሁ ላይ ከተጠቀማችሁበት ቶሎ ትለምዱታላችሁ። ፎንት ከፈለጋችሁ ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ አሉ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ጣት እስኪለምድ ጥቂት ቀን ትንገታገታላችሁ። ለቁቤና ለሶማሊኛ ጸሐፊዎች ይህ ችግር ከነጭራሹ የለም። የላቲን ኪቦርዱ ይበቃቸዋል።

የሚከብደው የድሮው ፋይል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ በአሮጌ ፎንቶች ሲጻፍ ኖሯል። እነዚያ ፋይሎች ያለ ፎንታቸው ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆነው ይታያሉ። ፋይሉ አልተበላሸም። ፎንቱን ከዊንዶውሱ ማሽን አምጥታችሁ ብትጭኑ ይነበባል። መሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ማኅደር ካለው፣ ዊንዶውስ ያለበት አንድ ማሽን ይኑራችሁ።

በሊብሬ ኦፊስ (ዎርድን የሚተካ ነፃ የጽሕፈት ፕሮግራም) የተጻፈ ነገርም ማሳተም ስትፈልጉ የዎርዱን ፋይል ለኮፒ ቤት አትስጡ። ሠንጠረዡና የደብዳቤው ራስጌ ሊንሸራተት ይችላል። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ። በነገራችን ላይ ከኮፒ ቤት በፍላሽ የሚመጣው ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ አይነሳም። ፍላሹ ላይ ግን እንዳለ ይቀመጣልና ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት አጥፉት።

አሁን ስለ ጥገና ቤቶች። ሊኑክስ ድሬ ላይ ያሸንፋል ወይስ አያሸንፍም የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ምሳሌ ልስጥ። የእህቴ ላፕቶፕ ሚንት ላይ ደህና ይሠራ ነበር። ኪቦርዱ ተበላሸና ለአንድ ጥገና ቤት ሰጠችው። ኪቦርዱን ቀየሩ። ሳትጠይቃቸው ግን «ይሄ ለሰርቨር ነው፣ ለሰው አይሆንም» ብለው ፎርማት አድርገው ዊንዶውስ ጫኑበት። የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያው ቀረ። ሲስተሙ ምንም አላጠፋም። የሚያውቀው ሰው ነው የጠፋው። ሊኑክስ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ የምትይዙት አንድሮይድ ስልክ ራሱ የቆመው በእሱ ላይ ነው። እንደዚያም ሆኖ ስታትካውንተር የሚባለው ድርጅት በድረ ገጾች ጉብኝት በሚያደርገው ቆጠራ የኮምፒውተር ድርሻው 4 በመቶን ያለፈው ገና በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ስልኩ ላይ ተጭኖ መጣ፣ ተጠቀምነው። ላፕቶፑ ላይ ተጭኖ የሚመጣው ዊንዶውስ ነው፣ ሲበላሽም መልሰው የሚጭኑልን ዊንዶውስን ነው።

ድሬ ውስጥ ከዚራ ሰፈርም ሆነ አሸዋ ሰፈር፣ ለመጫን ስትሄዱ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ። «ሳትጭኑት መጀመሪያ ከፍላሽ አስነሱልኝ።» ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ሥራውን ያውቃል። ሚንትም ዞሪንም ኡቡንቱም ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ ይነሳሉ። እዚያው ቆማችሁ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን ሞክሩ። የዋይፋዩ ቺፕ ብሮድኮም የሚባል ከሆነ ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራ ፕሮግራም) ለብቻ ሊፈልግ ይችላል። ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ፋይላችሁን ቀድማችሁ ገልብጡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ይጭናሉ፤ ብዙ ጊዜ ከሱቁ የተሻለ ያውቁታል፣ በትዕግሥትም ያሳያሉ። ለሃርድዌር ግን ወደ ሱቅ ሂዱ። ድሬ ሙቀትና አቧራ አለ፤ ማራገቢያው ካልጸዳና ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ፔስት ካልተቀየረ ሲስተም መለወጥ ሙቀቱን አያስተካክለውም። ገንዘብ ካላችሁ ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ቀይሩ። ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።

ሐረር ያላችሁ ለዚህ ብቻ ድሬ አትውረዱ። የመጫኛ ፋይሉ ያለበትን ፍላሽ ከወዳጅ ተቀበሉ፣ የቀረው የሚከብድ አይደለም።

ለመሥሪያ ቤቶችና ለትምህርት ቤቶች የማሳስበው እንዳይቸኩሉ ነው። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ በ2003 እ.ኤ.አ. ወስኖ 15 ሺህ ገደማ ኮምፒውተሮቹን ወደ ሊኑክስ አዛውሮ ነበር፤ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ጃንደርሜሪ የሚባለው የፈረንሳይ ወታደራዊ ፖሊስ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። መጀመሪያ ከ2005 ጀምሮ ዊንዶውሱን ሳይነካ ኦፕን ኦፊስን (የሊብሬ ኦፊስን ቀዳሚ)፣ ቀጥሎም ፋየርፎክስ ብራውዘርን አስለመደ። ሲስተሙን ወደ ኡቡንቱ መቀየር የጀመረው በ2008 ነው። ከሊኑክስ አልወጣም። እናንተም ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። ዛሬ ባላችሁበት ዊንዶውስ ላይ ሊብሬ ኦፊስን ጫኑ። ወር ያህል በእሱ ጻፉ። ከተስማማችሁ ሲስተሙን ቀይሩ፣ ካልተስማማችሁ ምንም አልጠፋባችሁም።

ፕሪንተር ያላችሁ፣ ኤችፒ ብዙውን ጊዜ እንደሰካችሁት ይሠራል። የካኖን ኤልቢፒ ትንንሽ ሌዘሮች ግን ከካኖን ድረ ገጽ የሚወርድ ድራይቨር ይፈልጋሉ፤ ሞዴሉን ሳታዩ ዊንዶውሱን አታጥፉ። ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የምትፈልጉ ደግሞ፣ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ በርቶ እንደሆነ እዩና የመክፈቻ ቁልፉን ቀድማችሁ ጻፉ። ዲስኩ ለሁለት መከፈል ያለበት ከዚያ በኋላ ነው።