በኪሮሽ የሚሠራ በግ ላት እንዲኖረው ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ባለኪሮሽዋ፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። የኪሮሽ ሙያን ከእናቴ ተምሬ ለብዙ ዓመታት የአልጋና የጠረጴዛ ዳንቴል ብቻ ስሠራ ቆይቻለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ጃፓናውያን አሚጉሩሚ በሚሉት፣ ክርን ዙሪያውን እየሠሩ ውስጡን በመሙላት በሚወጣው የአሻንጉሊት ሥራ ልቤ ተወስዷል። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ፣ ለፋሲካ ደግሞ ጫጩትና በግ ሠርቼ ለጎረቤት ልጆች ሰጥቻለሁ። አበባውና ጫጩቱ ያማረ ሆኖልኛል፤ ያስቸገረኝ በጉ ነው።

ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የፈረንጅ ንድፍ ስከተል፣ ነጭ፣ ድብልብል፣ ጭራው የጥጥ ፍሬ የምታህል በግ ይወጣል። ልጄ የሚያውቀው ግን በደጃችን የሚያልፈውን የመንዝ በግ ስለሆነ፣ የሠራሁትን አገላብጦ አይቶ «ላቱስ?» አለኝ። ልጁ እውነቱን ነው። ቡናማ ወይም ጥቁር፣ እግሩ አጠር ያለ፣ ላት ያለው በግ ለመሥራት ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ላቱ አንዴ እንደ ከረጢት ይነፋል፣ አንዴ ደግሞ እንደ ምላስ ይንጠለጠላል። ገላውም ክብ መሆን ሲገባው ስድስት ማዕዘን እያወጣ፣ በየቀዳዳው የሞላሁት ጥጥ ይታያል። ሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ፦ ክርና መርፌ፣ አዲስ አበባ

እኅቴ፣ ስድስት ማዕዘኑ የሚመጣው ዐይን (በኪሮሽ የምንሠራትን አንዷን ጥልፍ) የሚጨምሩበት ቦታ በየዙሩ በአንድ መስመር ላይ ስለሚያርፍ ነው። መጨመር ማለት በአንዷ ዐይን ላይ ሁለት መሥራት ነው። በ6 ዐይን ጀምረን በየዙሩ 6 እየጨመርን 12፣ 18፣ 24 ስንል፣ ጭማሪው ከላይኛው ጭማሪ ጋር ይደራረብና እንደ ጎድን ጎልቶ ይወጣል። መድኃኒቱ በአንድ ዙር ንድፉ እንደሚለው መሥራት፣ በሚቀጥለው ዙር ግን ጭማሪውን ማዛነፍ ነው። ለምሳሌ ከ18 ወደ 24 ሲሄዱ፣ መጀመሪያ አንድ ዐይን ብቻ ሠርተው ይጨምሩ፤ ከዚያ ሁለት ሁለት ዐይን እየሠሩ አምስት ጊዜ ይጨምሩ፤ በመጨረሻ የምትቀረውን አንድ ዐይን ሠርተው ዙሩን ይጨርሱ። ቁጥሩ ያው 24 ነው፤ ጎድኑ ግን ይጠፋል።

ቀዳዳውን በተመለከተ፣ የሹራብ ክር መጠቅለያ ላይ የሚጻፈው የኪሮሽ ቁጥር ለልብስ የታሰበ ነው። ልብስ መላላት አለበት፤ አሻንጉሊት ግን ጥብቅ ካላለ ሆዱ ይታያል። ስለዚህ ወረቀቱ 4 ሚሊ ሜትር ቢልዎ በ3 ወይም በ2.5 ይሥሩ። እጅ መጀመሪያ ላይ ይደክማል፣ ኋላ ግን ይለምዳል። ሌላው ብዙ ጀማሪዎች ሳያውቁት የሚያልፉት ነገር፣ ሥራው በተገላቢጦሽ እንዳይሆን ማረጋገጥ ነው፤ እንደ ሹሩባ የተደረደረው ገጽ ወደ ውጭ፣ አግድም ሰረዝ ያለው ገጽ ወደ ውስጥ መሆን ይገባዋል። ለጥቁር ክር ደግሞ እኔ አሮጌ ጥቁር ስቶኪንግ ቆርጬ ውስጡን ካለበስኩ በኋላ ነው የምሞላው። ጥጡንም ቢተዉት እመክራለሁ። ጥጥ ሲታጠብ ይጓጉላል፣ በክረምትም ቶሎ አይደርቅም፤ ለትራስ የሚሸጠው ፋይበር እጅግ ይሻላል።

መልስ፦ የገጠር ልጅ

እኔ በግ ጠብቄ ነው ያደግሁት፤ ስለ ላቱ ብቻ ልናገር። ንድፍ ከማውጣትዎ በፊት ወጥተው በጉን ከኋላው ይመልከቱት። የመንዝ በግ ላት ከሥሩ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ እየጠበበ ወርዶም ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመማል። እንደ ከረጢት የተነፋብዎ ዙሪያውን ስለጨመሩና ስለሞሉት ይመስለኛል።

ከጫፉ ይጀምሩ። 6 ዐይን ይዘው፣ ያለ ጭማሪ ሦስት ዙር ሲሠሩ፣ የዙሩን ግማሽ እንደ ወትሮው፣ ሌላውን ግማሽ ግን ክሩን በዐይኑና በኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት አንድ ጊዜ ስቦ በማሳለፍ ብቻ ይሥሩት። ያ ወገን አጥሮ ስለሚቀር ጫፉ በራሱ ወደዚያው ይታጠፋል። ከዚያ በግራና በቀኝ ጠርዝ ብቻ አንድ አንድ ዐይን እየጨመሩ ዘጠኝ ዙር ሲሄዱ 24 ይደርሳሉ። ጭማሪው በሁለቱ ጠርዝ ብቻ ስለሆነ ላቱ ይሰፋል እንጂ አይነፋም። ቆንጠር ያለ ፋይበር ከላይ በኩል ብቻ ያስገቡበት፣ አፉንም ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ ይዝጉት። ሲሰፉት አፉን በአንድ መስመር ብቻ ከሰፉት ይንጠለጠላል፤ የላቱን የላይኛውን ሁለት ዙርም ከገላው ጋር አብረው ይስፉት።

መልስ፦ እናት በቨርጂኒያ

እዚህ በእንቁጣጣሽ ሰሞን የአደይ አበባ ብሮሽና ትንንሽ በጎች እሠራለሁ። የጻፋችሁትን በደስታ አነበብሁ። ነገር ግን በጉ ስለሚያይበት ዐይን ማንም አላነሣም፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሁሉ በላይ እሱ ነው። የፕላስቲክ ዐይን የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ ክሩ ከሳሳ ሕፃን ነክሶ ሊያወጣው ይችላል። በአሜሪካ ሕግ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሠራ አሻንጉሊት፣ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ትንሽ መለኪያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ክፍል ሊኖረው ወይም ሊወልቅበት አይገባም። ስለዚህ የሕፃን በግ ዐይኑን በጥቁር ክር ጥለፉለት። ላቱንም ሰፍታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በጉን በላቱ አንጠልጥላችሁ በኃይል ጎትቱት፤ ልጅ የሚይዘው መጀመሪያ እሱን ነው።

ምላሽ፦ ባለኪሮሽዋ፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ በ3 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ፣ በቡናማ ክር፣ ጭማሪውን እያዛነፍሁ ሠራሁት፤ ገላው ክብ ሆኗል፣ ፋይበሩም አይታይም። ላቱ መጀመሪያ ወደ ታች ታጠፈብኝ፤ ለካ ያጠረውን ወገን ወደ ታች አድርጌ ሰፍቼው ኖሯል። ፈትቼ ገልብጬ ሰፋሁት። ዐይኑንም ጥልፍ አደረግሁት። ልጄ ጠዋት ሲነሣ ምንም ሳይናገር በጉን በላቱ ይዞ ወደ ደጅ ወጣ፤ ስፌቱም ይዟል።