የአንዲቷ ቀዳዳ ጉዳይ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የግዢ ሐሳብ

ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)፣ ሰኞ
የማኅበራችንን ላፕቶፕ ታውቋታላችሁ። ባለ 12 ኢንች ማክቡክ፣ በፈረንጅ የ2017 ሥሪት። በአንድ ጎኗ አንዲት ታይፕ ሲ ቀዳዳ፣ በሌላው የጆሮ ማዳመጫ። በቃ። ቻርጅ ላይ ስትሆን ፍላሽ መግቢያ የለውም። ለባዛሩ የሱፍ ሥራዎቻችንን፣ የበርኖስና የባና ፎቶዎቹን፣ በፕሮጀክተር ማሳየት፣ የዋጋ ዝርዝር ማተም፣ ከአባላት ፍላሽ መቀበል አለብን። ኮሚቴው እስከ 6,000 ብር ፈቅዷል። ምን እንግዛ? ዓርብ ሐሳቡን በአንድ ገጽ ጽፌ አስገባለሁ። እንደተለመደው በየአካባቢያችሁ ስም መልሱ፣ ከርዕስ አትውጡ።

ሸዋ ሮቢት
አንዷን ቀዳዳ ብዙ የሚያደርግ ማገናኛ ነው የሚያስፈልገን፤ ወይ ትንሹ፣ ሀብ የሚባለው፣ ወይ ትልቁ፣ ዶክ የሚባለው። ዶክ የራሱ ቻርጀር አለው፣ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ የሚል ነገር ነው። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሞታል። እሱን ተሸክሜ ጣርማ በርን አልወጣም። ሀብ መዳፍ ታህላለች፣ ኪስ ትገባለች፣ መብራት ባይኖርም ከላፕቶፗ ባትሪ ትሠራለች። ስለዚህ ሀብ።

ስትገዙ ግን ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ እንዳለው እዩ፤ "ፒዲ" ተብሎ ይጻፋል። ያለዚያ ተመልሰን እዚያው ነን። ተንደርቦልት ብቻ የሚል ከሆነ ተዉት፤ በታይፕ ሲ ቀዳዳ የሚሠራ ሌላ ፈጣን የግንኙነት ዓይነት ነው፣ ይቺ ማሽን ተንደርቦልት የላትም። የላፕቶፗ ቻርጀር ደግሞ 29 ዋት ነው። ሀቡ ለራሱ ትንሽ ይቆርሳል፣ ቻርጁ ቀስ ይላል። ከፍ ያለ ዋት ያለው ቻርጀር ብትሰኩ አትፍሩ፤ የምትችለውን ያህል ብቻ ነው የምትወስደው።

ገንዘብ ያዥ
ቃለ ጉባኤው "አዳፕተር" ነው የሚለው። በነጠላ። ቻርጀር የሚል የለበትም።

አንኮበር
ረቡዕ አዲስ አበባ እገባለሁ። መርካቶ ዞሬ የሦስት ሱቅ ዋጋ ይዤ እመጣለሁ። ለኔ ተዉት።

ደነባ
ስለ ቪጂኤ፣ ስለ ድሮው የምስል ገመድ፣ ማንም አላነሣም። ፕሮጀክተሩ ቪጂኤ ነው። በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ነው ለማኅበሩ የሰጠሁት፣ የረሳችሁ ካላችሁ።

ሸዋ ሮቢት
ጋሼ፣ አዲሱ የምስል ገመድ፣ ኤችዲኤምአይ፣ የሚሰካበት ሀብ ይሻላል። ምስልም ድምፅም በአንድ ገመድ ይሄዳል። ቪጂኤ ድምፅ አይወስድም። ፕሮጀክተሩም ቢሆን ጊዜው አልፎበታል።

ደነባ
ጊዜው ያለፈበት ፕሮጀክተሩ ነው ወይስ እኔ? ባለፈው ጉባኤ 3 ሰዓት ሙሉ ሠርቷል።

መሐል ሜዳ
መሥራቱን ሠርቷል። በጎቼን ሮዝ አድርጎ። ነጭ የመንዝ በግ ግድግዳው ላይ የልደት ኬክ መስሎ ወጣ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጥቁሩ ባና ብቻ ነው እንደነበረ የታየው። እኛ ሱፉን በተፈጥሮ ቀለሙ ነው የምንሸጠው፤ ገዢ ቢኖር ኖሮ ነክረነዋል ብሎ ይሄድ ነበር። ሮዝ በግ ይዤ ባዛር አልቆምም።

ደነባ
እሱ የላፕቶፗ ጥፋት ነው።

ጠባሴ
ያን ቀን የተሰካው አዳፕተር የኔ ነበር። እስካሁን አልተመለሰልኝም። ማን ጋ ነው?

ሸዋ ሮቢት
የላፕቶፗም የአዳፕተሩም አይመስለኝም። የቪጂኤ ገመድ ጫፍ ላይ 15 ቀጫጭን እግሮች አሉ። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው በየራሳቸው እግር ነው የሚሄዱት። የአረንጓዴው ከተቋረጠ ነጩ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ጥቁሩ አይቀየርም፣ መጀመሪያም ቀለም የለበትማ። ጋሼ፣ ጫፉን በባትሪ አብርተው ይዩልኝ።

ደነባ፣ ማክሰኞ
አየሁት። ከላይኛው ረድፍ አንዱ ተጋድሟል። እኔ ሳስረክብ ግን ቀጥ ብሎ ነበር። ቢሮ ውስጥ በግድ የጎሰመው ሰው አለ። ማን እንደሆነም አውቃለሁ።

ገንዘብ ያዥ
በስም ይነገር። እንደ ፕሪንተሩ ጉዳይ ተድበስብሶ አይቀርም።

*(ከዚህ ቀጥለው የነበሩትን 11 መልእክቶች አንሥቻለሁ። ከሁለታችሁም ጋር በስልክ እነጋገራለሁ። ጸሐፊ)*

መሐል ሜዳ፣ ረቡዕ
ትናንት የጻፍኩት ከቁጣ ነው። ጋሼ ደነባ፣ ይቅር ይበሉኝ። በጉ ግን ሮዝ ነበር።

ደነባ
ምንም አይደል። እኔም ስለ እናትህ ማንሣት አልነበረብኝም።

ጸሐፊ
ወደ ሀቡ እንመለስ። አንኮበር፣ ዋጋው?

ሸዋ ሮቢት
አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ቻርጀሩ በሀቡ በኩል ተሰክቶ መብራት ድርግም ሲል፣ ብዙ ሀቦች ለአፍታ ሁሉንም ነገር ቆርጠው ይቀጥላሉ። ፕሮጀክተሩ ጠፍቶ ይመለሳል፣ እሱ ችግር የለውም። ፍላሽ ላይ እየጻፋችሁ ከሆነ ግን ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። የኔ አንድ ጊዜ የሰባት ወር ሒሳብ ይዞብኝ ሄዷል። ኮፒ ስታደርጉ ቻርጀሩን ንቀሉ።

ገንዘብ ያዥ
የማኅበሩን ሒሳብ ነው?

ሸዋ ሮቢት
የግሌን።

ጠባሴ
እናንተ ሀብ ስትሉ እኔ የማስበው የት እንደሚቀመጥ ነው። የኔ አዳፕተር ጠፋ። የቪጂኤው እግር ተጣመመ። አዲሱም ሳምንት አይቆይም። መጀመሪያ ቁልፍ ያለው ሳጥን ይሠራ።

ደነባ
ይኼ ነው ንግግር። ፕሮጀክተሩም እዚያው ይግባ።

ገንዘብ ያዥ
ሳጥን ቋሚ ንብረት ነው፣ ለኦዲትም ይመቻል። ሀብ ምን ብዬ ልመዝግበው? አላቂ ነው? ቋሚ ነው?

መሐል ሜዳ
ጠንካራ እንጨት ይሁን። እኛ ሠፈር አናጢ አለ፣ ልጠይቀው እችላለሁ። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ጸሐፊ ጋ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ ጋ።

ሸዋ ሮቢት
ጉዳዩ እኮ የላፕቶፗ ቀዳዳ ነበር።

ደነባ
አንዱ ቁልፍ እኔ ጋ መሆን አለበት። ፕሮጀክተሩ የኔ ስጦታ ነው።

ጸሐፊ፣ ሐሙስ
አንኮበር? ስልክም አታነሣም።

ጸሐፊ፣ ዓርብ
ጊዜው ደርሷል። ያስገባሁት ይኼ ነው። "በጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ ሦስት ቁልፍ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን እንዲሠራ። አዲስ የቪጂኤ ገመድ እንዲገዛ። ከ6,000 ብሩ የተረፈ ካለ፣ ቪጂኤም ኤችዲኤምአይም ያለው፣ ቻርጀር የሚቀበል ሀብ እንዲገዛ።" ሸዋ ሮቢት፣ ዋጋ ስላልመጣ ሀቡን ከላይ ማድረግ አልቻልኩም። አትቀየመኝ።

ሸዋ ሮቢት
ለባዛሩ ምን ላይ ልንሰካ ነው ታዲያ?

መሐል ሜዳ
እኔ ባናውን ራሱን ይዤ እመጣለሁ።

ደነባ
የሳጥኑ ውስጥ ስፋት ስንት ነው? ፕሮጀክተሩ ከነቦርሳው 40 ሳንቲም ይሆናል።

ጠባሴ
አዳፕተሬስ?